ሻሼ የናቀችው ቅቤ

ቡሬ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለማህዲ፣

አሰላሙ አለይኩም። የአላህ ሰላምና እዝነት ባሕር ተሻግሮ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከረምክ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ አጎትህ ጁማ ከስፌት መኪናው ላይ ጉብ እንዳለ ይውላል፣ ሲመሽ ወገቤን ይላል። የዘንድሮ በቆሎ ሸጋ ነው፣ ገበያውም ደህና ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። አጎትህ በስልክ የከሰሰኝን ሰምቻለሁ። እኔ ስልክ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ግማሹን ኔትወርኩ ይበላዋል፣ ግማሹን አጎትህ ከእጄ ነጥቆ ያወራዋል። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በተማርሁት ፊደል ራሴ እጽፍልሃለሁ። ጽሑፌ እንደሆነ ዛሬም ከቀበሌው ጸሐፊ ያምራል። ወንድምአገኝ ሹፌሩ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወደ ዶሃ የሚበር ሰው ይፈለግለታል።

«የቅቤ ነጋዴ ቤት ድመት አይያዝም፣ ለሰው ስጧት» አልክ አሉ። አንት ልጅ! ከመቼ ወዲህ ነው ዶሃ ተቀምጠህ የቡሬውን ቤቴን የምታስተዳድረው?

ጥፋቷን አልክድም። ሻሼ ብለን ያወጣንላት ሁለመናዋ አመድማ ሆኖ አናቷ ላይ ብቻ ነጭ ሻሽ ያሰረች ስለምትመስል ነው እንጂ እንደ ሥራዋማ ቢሆን ሌላ ስም ነበር የሚገባት። ባለፈው ሳምንት አጎትህ ለሙሽራ በሰፋው ጥቁር ሱሪ ላይ ተኝታ ጠጉሯን አልብሳው ተነሳች። ሙሽራው መጥቶ ሲያየው አጎትህ «የጨርቁ ዓይነት ነው» ብሎ ዋሸ። ከሚዛኑ ሳህን ላይ ወጥታ ትቀመጥና አልወርድም ትላለች፤ አንዱ ገበሬ «ይቺን ስንት ትሉኛላችሁ?» ብሎ ገበያውን ሁሉ አሳቀብኝ። ቅቤማ ካየች አታርፍም። የኮባ ቅጠሉን በጥፍሯ ፈትታ፣ ከዳር ከዳሩ ልሳ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ፊቷን ታብሳለች።

ግን አይጥ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ የለም። ደግሞስ ለዚህ ቤት ስም የማስበው እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ሠላሳ ዓመት ቅቤ ስሸጥ አንድ ሰው «ናዚፋ፣ ቅቤሽን እንኪ» ብሎ መልሶልኝ አያውቅም። ይህ አፍንጫዬ ይመስገን፣ አንዴ ጠጋ ብዬ ሳብ ካደረግሁ ላሚቱ ምን ስትግጥ እንደከረመች እነግርሃለሁ። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያላት ሴት ከአንዲት ድመት ጋር መኖር አያቅታትም።

ውኃ ጠጣ፣ ያ አገር ሙቀቱ አያድርስ ነው አሉ። በገባህበት ሁሉ ፊት ይስጥህ።

አክስትህ ናዚፋ


ዶሃ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንደ እናት ላሳደጉኝ አክስቴ ለናዚፋ፣

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ። እንዴት ከረሙ? አጎቴስ ወገባቸው እንዴት ነው? እኔ በእርስዎ ዱዓ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ከወር በላይ ተጉዞ ደረሰኝ፤ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አብሮኝ የሚያድረው ሱዳናዊ ያበድኩ መስሎት ደነገጠ። ስለ ድመቷ ያልኩትን መልሼ ውጫለሁ። አፉ በሉኝ።

አሁን ግን ጉድ ውስጥ ገብቻለሁና ያውጡኝ። የምሠራበት ምግብ ቤት ዋናው ሼፍ ህንዳዊ ነው። እነሱም እንደኛ ቅቤ ያነጥራሉ። እናቱ ስለምታነጥረው ቅቤ ሲያወራ ሰው ሁሉ ሥራ ያቆማል። አንድ ቀን አልቻልኩምና «የአክስቴን ቅቤ ብትቀምስ የናትህን ትረሳለህ» አልኩት። ኩሽናው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ማንኪያውን አስቀመጠና «አምጣውና እንየው» አለኝ።

አክስቴ፣ እዚህ ኩሽና ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች ነን፣ ከስምንት አገር። ሁሉም የሚኮራበት ነገር ይዞ መጥቷል። እኔ የያዝኩት የእርስዎን ስም ነው። እባክዎ ከእጅዎ ያነጠሩትን አንድ ጣሳ ይላኩልኝ።

ለእርስዎ ጥሩ የዑድ ሽቶ፣ ለአጎቴ መነጽር ልኬያለሁ። ሽቶውን ራሴ አሽትቼ ነው የመረጥኩት፤ እንዴት እንዳገኙት ይንገሩኝ። ለሻሼ አልላክሁም፣ እሷ የሚያስፈልጋትን ራሷ ትወስዳለች።

እድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ ማህዲ


ቡሬ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህዲ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ረመዳኑንም አላህ ይቀበልህ። መልሴ ዘገየ። ጥር ላይ ጉንፋን ጥሎኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። አሁን ድኛለሁ፤ እንዳታስብ፣ ወሬም እንዳታደርገው። መነጽሩ አጎትህን ሐኪም አስመሰለው። የሽቶው ጠርሙስ በጣም ያምራል፤ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል።

ዘንድሮ የኛ ረመዳንና የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ገጠሙ። ቡሬ ውስጥ ቀን ቀን እህል የሚቀምስ ሰው ፈልገህ አታገኝም። ቅቤ ፈላጊ አጣ፤ እኔም እንደ ልማዴ ለፋሲካ ማከማቸት ጀመርሁ። የድሮ ደንበኞቼ ትንሽ ትንሽ ያመጣሉ። አንድ አዲስ ነጋዴ ግን ከሩቅ ብዙ አድርጎ አመጣልኝ፣ አላንገራገርሁም፣ ሁሉንም ወሰድሁ። በፋሲካ ሰው ቅቤ ሲያጣ የናዚፋ ቤት ሙሉ ይሆናል።

አሁን የምነግርህን ብታምንም ባታምንም ወላሂ እውነት ነው። ሻሼ ጾመች! ከዚያ ከአዲሱ ቅቤ ክዳኑን ገልጬ ብተወው እንኳ አትነካም። ትመጣለች፣ ታሸታለች፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በመጥረጊያ ያልተማረችውን አደብ በረመዳን ገዛች። አጎትህ «አሟት ነው» ይላል። ምን ያማታል! ትናንት ለኢፍጣር ያስቀመጥሁትን ሳምቡሳ ከነትኩሱ ነጥቃ ጣራ ላይ ወጥታ በላችው፤ አጎትህ ከታች ሆኖ ሲረግም ከላይ ሆና ታየዋለች። ቢሆንም ቅቤውን መተዋ ቀላል ነገር አይደለም። ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።

ለሼፉ ከዚያው ከአዲሱ ቅቤ አንጥሬ ልኬልሃለሁ። ኮረሪማውንም ኮሰረቱንም አልሰሰትሁም። ይቅመስና እናቱን ይርሳ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ ለራሴ አይደለም። አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ ጉንፋን ከያዛት ወዲህ አፍንጫዋ ማሽተት ተወ። ካለህበት አገር መድኃኒት ይኖረው እንደሆነ ጠይቅላት። ሰው እንዳይሰማባት ትፈራለችና ስሟን አልነግርህም። መልሱንም ለእኔ ጻፍ እንጂ ለአጎትህ በስልክ እንዳትነግረው።

ክፉ አይንካብኝ።

አክስትህ ናዚፋ


ዶሃ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ከቤትዎ አይጥፋ። እንደምን አሉ? ጣሳው ደርሶኛል፣ እጅዎ ይባረክ። ለሼፉ ገና አላሳየሁትም፤ ከዒድ በኋላ ይሆናል ብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ስለ ጎረቤትዎ ምግብ ቤታችን የሚመላለስ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ። በጉንፋን የሄደ ማሽተት ለአንዳንዱ በጥቂት ወራት ይመለስለታል፣ ለአንዳንዱ ይቆያል፣ ሐኪም ቤት ሄዳ ትታይ አለኝ። የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነም ነግሮኛል፤ እግሩን እንዳመመው ሰው ነው አለ።

ጎረቤትዎ በምን እንደምትተዳደር አልነገሩኝም። ድንገት በአፍንጫዋ ሠርታ የምታድር ሴት ከሆነች ግን አንድ መልእክት ያድርሱልኝ። ሳምቡሳ የምትሰርቅ ድመት ጾመኛ አይደለችም። ቤቷ ድመት ካለች፣ ድመቷም ቅቤ ትታ ከሄደች፣ ያን ቅቤ ለሰው ከመስጠቷ በፊት ቆም ትበል። ፋሲካ ሳይደርስ ትድረስበት። ሽቶም ቢላክላት ጠርሙሱን ብቻ አይታ ዝም አትበል፤ ለሚወዳት ሰው ትንገረው።

አክስቴ፣ ደፍሬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን በምን አፌ እናገራለሁ? ለጎረቤትዎ ነው የጻፍሁት።

ልጅዎ ማህዲ


ቡሬ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማህዲ፣

ሰላም ይድረስህ፣ የኔ ጌታ። ጎረቤት የሚባል የለም። እኔው ነኝ።

ደብዳቤህ ለሆሳዕና ሦስት ቀን ሲቀረው ደረሰኝ። ሳነበው ደሜ ፈላ። አፍንጫውን የጠረግሁለት ልጅ ቅቤ ሊያስተምረኝ! ልቀደው አንስቼ ነበር። ከዚያ ተነሳሁና ሦስት ሳህን አወጣሁ። በአንዱ ከድሮ ደንበኛዬ የገዛሁትን፣ በሁለቱ የአዲሱን ነጋዴ ቅቤ አደረግሁና ሻሼን ጠራኋት። የመጀመሪያውን ሙልጭ አድርጋ ላሰችው። ሁለቱን አሸተተችና እኔን ቀና ብላ አየችኝ። ሳህኖቹን ቦታ እያለዋወጥሁ አራት ጊዜ ሞከርሁ፣ አራቱንም ጊዜ ያው ነው። ልጄ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አጎትህ ከስፌት መኪናው ላይ ሆኖ ያየኝ ኖሯል። «ናዚፋ፣ አፍንጫሽ ከጥር ጀምሮ ነው አይደል?» አለኝ። ሽሮው ባረረብኝ ቁጥር ዝም ብሎ ይበላ የነበረው አውቆ ነው። ለእኔ ደግሞ ረመዳኑ ሸፈነልኝ። ቀን ቀን ጾመኛ ነኝና «ቅመሽው» የሚለኝ የለም። አፍንጫዬን ወደ ቅቤው አስጠግቼ፣ እንደ ድሮው ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ደህና ነው» እላለሁ። ምንም አይሸተኝም ነበር። ከረመዳን በኋላ ስቀምሰውም ምላሴ እንጨት ሆኗል። ይህን ለማን ልንገር? ሰው የሚያውቀኝ በዚህ አፍንጫዬ ነው፤ እሱ ሄደ ካልሁ ምን ቀረኝ ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ቅቤ ለዘጠኝ ቤት ሸጬ ነበር። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ የዶሮ ወጥ ቅመም ይሸፍነዋል። ግን ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ በኔ ቅቤ የሚፈታው ሰው ፊቱ መጣብኝ። ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። አጎትህም ባልዲ ይዞ ተከተለኝ፣ ና አላልሁትም።

መጀመሪያ ወይኒቱ ቤት ገባሁ። ታውቃታለህ፣ ግድግዳ የምንጋራው፣ አንተን ከራሷ ልጆች ጋር ስታጥብ የነበረችው ናት። «ወይኒቱ፣ የሸጥሁልሽ ቅቤ ባዕድ ነገር አለበት፣ መልሺልኝ» አልኋት። ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። «አውቄያለሁ» አለች። «ሳነጥረው ከድስቱ ስር ሊጥ የመሰለ ነገር ቀረ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሠላሳ ዓመት አሳፍራኝ የማታውቅን ሴት በአንድ ድስት ላሳፍራት?»

በኋላ እንዳየሁት ከዘጠኙ ቤት አራቱ እንደሷ አውቀው ዝም ያሉ ናቸው። ወይኒቱ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እዚያው ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፣ እሷም አለቀሰች፣ አጎትህ ባልዲውን ይዞ ግራ ገብቶት ቆመ።

በገበያው ቀን መደቤ ላይ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ። «እኔ ናዚፋ ነኝ። አፍንጫዬ ታሟል። በሁዳዴ ከኔ ቅቤ የገዛችሁ መልሱና በደህና ልቀይርላችሁ» አልሁ። ከዚያ ከድሮ ደንበኞቼ የሰበሰብሁትን ቅቤ ደረደርሁ። ወይኒቱ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ታሸታለች፤ እሷ ደግሞ በጾም ናትና መቅመስ አይሆንላትም። የማትጾመዋን ከቤት በቅርጫት አስመጣሁ። ከእያንዳንዱ ቆርሼ በሳህን አቀረብሁላት። ሻሼ ሰው ሁሉ እያያት ሁለቱን ላሰች፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሳህኑን ትታ ዋናውን የቅቤ ድቡልቡል ነጥቃ በሰው እግር መሃል ሮጠች! ያ ሁሉ ሕዝብ በሳቅ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ሁሉ «ሻሼ ከሰረቀችው ስጡን» ይል ጀመር፤ ሳይመሽ ቅቤዬ አለቀ።

የተበላሸውን አጎትህ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ያን ነጋዴ ስሙን አልጠራልህም፣ እኔ ደጅ ግን ዳግመኛ አይደርስም። የፋሲካ ዕለት ወይኒቱ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ሐኪም ቤትም ሄጃለሁ፣ ጊዜ ይፈልጋል አሉኝ። ይፈልግ። ከእንግዲህ ወይኒቱ እያሸተተች አብረን እንሠራለን። ሻሼማ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚችላት የለም፤ አጎትህ ለጨርቁ መቁረጫ በሠራው ጠረጴዛ መሃል ተኝታ እሱ በዳር በዳሯ ይቆርጣል።

መደርደሪያ ላይ ያለውን ጣሳ ለማንም ሳታሳይ ድፋው። ሌላ ልኬልሃለሁ።

የልቤን ስላየህልኝ ተባረክ።

አክስትህ ናዚፋ


ዶሃ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምኮራብዎ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ፣ ለአጎቴ፣ ለእትዬ ወይኒቱም። ደብዳቤዎን ሳነብ እንባዬ ወረቀቱን አበላሸው። ገበያ መሃል ቆመው ሲናገሩ ዓይኔ ላይ ይታየኛል። ወላሂ እንደዚያ ቀን ወገን ያለኝ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለሱዳናዊው ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ተረኩለት።

ቅቤው ደረሰ። ጣሳውን ስከፍት ሩዝ የሚያጥበው ልጅ ሳይቀር ሥራውን ትቶ መጣ። ሼፉ በትኩስ ዳቦ ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰ። «እናቴን አልረሳሁም» አለ፣ «እንዲያውም ናፈቀችኝ።» ወጥቶ ደወለላት።

አሁን የደበቅሁትን ልናገር። የመጀመሪያውን ጣሳ መደርደሪያ ላይ አላስቀመጥሁትም። በደረሰኝ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ከፈትሁት። ሼፉ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ፣ የቀሩት ሳቁ። እኔም ቶሎ ብዬ «አክስቴ ለጋውን ነው የላከችው፣ ሳነጥረው ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቅቤ አበላሽ ይሉኛል። አሁንም ሼፉ «አየህ፣ በመጨረሻ ማንጠር ተማርክ» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ስቄ ተውኩት። ይሁን፣ የእርስዎ ስም ሳይነካ አልፏል፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ልጅዎ ማህዲ


ቡሬ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማህዲ፣

ሰላምታው ይቆየኝ፣ ተቆጥቻለሁ።

ከእጄ በልቶ ያደገ ልጅ ማንጠር ተማረ ይባላል? ሦስት ወር ሙሉ ያን ስም ተሸክመህ ኖርክ? ለአጎትህ ሳነብለት መቀሱን ጣለ። «ይህ ልጅ ያንቺው ነው» አለኝ። አዎ፣ የኔው ነህ። ኮርቼብሃለሁ፣ ልቤ ሞልቶ ማደሪያ አጥቻለሁ። ግን የሠራኸው ልክ አይደለም።

እኔም እንዳንተ ነገሩን በመደበቅ ስሜን የማድነው መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ በር አንኳኩቼ ነው ያዳንሁት። ቡሬ ገበያ ያወቀውን ነገር አሥራ አራት ሰው እንዳያውቅብኝ ትሸፍንልኛለህ? እኔ ከስምንት አገር ሰው የምደበቅ ሴት ነኝ?

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አጥፈህ ኪስህ ክተትና ወደ ሥራህ ሂድ። ሰዎቹ ሁሉ ባሉበት ሼፉን ጥራው። በሚሰማው ቋንቋ፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር፣ እንዲህ በለው፦ «የመጀመሪያውን ያበላሸችው አክስቴ ናት። ሁለተኛውንም የላከችው እሷው ናት።»

አክስትህ ናዚፋ፣ የቡሬዋ ቅቤ ነጋዴ